አንድ ሙዚየምና ስድስት ስቱዲዮ

ስድስት ቁጥርን እስከ ዛሬ አልወዳትም። ልጆቼ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ሌላው ወላጅ ደስ ሲለው እኔ ቶሎ ሰባተኛ በገቡ እል ነበር። ምክንያቱን ስነግራችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ ግድ የለም፣ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአንድ የባህል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ደራሲ እንዳይመስላችሁ፤ ፎርም ሞይ ነበርኩ። በየሦስት ወሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰፊ ፎርም ይመጣል። «የኪነት ቡድኖች ብዛት»፣ «የመረብ ኳስ ቡድኖች ብዛት» እያለ ይወርድና ከታች በኩል «የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ብዛት» እና «የሠዓሊያን ስቱዲዮዎች ብዛት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት። ሁለቱን ሳጥኖች ባዶ እየተውኩ ሁለት ዓመት ያህል ኖርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ ጓድ ዋቅጅራ አስጠሩኝና ጣታቸውን ባዶዎቹ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው?»

«ምንም የለም፣ ጓድ።»

«አብዮቱ ከፈነዳ ይህን ሁሉ ዓመት ምንም የለም ነው የምትለኝ?»

እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ «አዎ» ያለ ሰው ያን ጊዜ አላውቅም። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ለሙዚየሙ አንድ ጻፍኩ። ስቱዲዮው ላይ ግን ብዙ አሰብኩ። ሁለት ብል ስንፍና ይመስልብኛል፣ አሥር ብል ጥጋብ ነው። ስድስት ደግሞ ሰው ተዟዙሮ፣ ፀሐይ መትቶት ቆጥሮ ያገኛት የምትመስል ቁጥር ናት። ስድስት ብዬ ጻፍኩና ምሳዬን በላሁ። በደንብ ነው የበላሁት።

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። በላካችሁት ሪፖርት መሠረት ሙዚየሙንና ስድስቱን ስቱዲዮዎች ተዘዋውሮ የሚጎበኝ ጓድ መኮንን የተባለ ባለሙያ ስለላክን አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት ይላል። ጓድ ዋቅጅራ በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና «አንተው ታስጎበኛለህ» አሉ። 

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአስቴር ነገርኳት። አስቴር እንደ ሌላ ሚስት አትጮህም፣ ጥያቄ ነው የምትጠይቀው።

«የሐሰት ሪፖርት የጻፈ ሰው ምን ይሉታል?»

«አሻጥረኛ።»

«አሻጥረኛንስ ምን ያደርጉታል?»

 መልሴን ሳትጠብቅ ተነሥታ ጋቢ፣ ሁለት ካልሲና አንድ ሳሙና በፌስታል ማሰናዳት ጀመረች። ናዝሬት በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልኛል ብላት «ወደ አዲስ አበባ ቢወስዱህስ፣ እዚያ እኮ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል» አለችኝ። እኔ ገና ስለ መያዝ ሳስብ እሷ እኔን አሳስራ፣ አዛውራ ጨርሳለች። ያን ሌሊት ቁጥር ስቆጥር አደርኩ፣ ስድስት ላይ ስደርስ እነቃለሁ።

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ለጋሽ ቱሉ ጉዴን አወጣሁት። ጋሽ ቱሉ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ዓመት የአሰብን መንገድ በጭነት መኪና የተመላለሱ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ሰላም የማይሉት ሰው የሌለ ሽማግሌ ናቸው። ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ መሪውን ተደግፈው ሳቁ።

«ስድስት ብቻ? እኔ ከዚህ እስከ ሻሸመኔ አሥራ አንድ አውቃለሁ።»

«ምን አሥራ አንድ?»

«ሠዓሊ ነዋ። የጋሪው ላይ አበባ ማን የሣለው መሰለህ? ራሱ የበቀለ ነው?»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። በዚያ በተሣለ ጋሪ ስንት ዓመት ተሳፍሬያለሁ፤ ግድግዳው ሙሉ ሥዕል በሆነ ቡና ቤት ጀርባዬን ለሥዕሉ ሰጥቼ ስንት ቀን ተቀምጫለሁ። ማን ሣለው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እፍረቱ ቶሎ ለቀቀኝና እፎይታው መጣ። ውሸቴ እውነት ሆና ስትጠብቀኝ ኖራለች ማለት ነው። ጋሽ ቱሉ ስም እየጠሩ እኔ እየጻፍኩ፣ ስድስት ሠዓሊና ሙዚየም ሊባል የሚችል አንድ ቤት ይዘን ጨረስን። እኔም የአስቴርን ፌስታል አልጋ ሥር ወሸቅሁት።

ጓድ መኮንን ሐሙስ ጠዋት ደረሱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ የለበሱ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ጥቁር ደብተር ይይዛሉ። አንድ ነገር ያዩና ደብተሯን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ማንም እንዳያይባቸው አድርገው ይሞነጭራሉ። በዚያ ዘመን ሰው ሲያዩ ደብተር የሚያወጡ እንግዳ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥሩ የዚያ ዘመን ሰው አይጠይቀኝም።

የመጀመሪያው ስቱዲዮ እዚያው ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር። ጋሪ የሚቀባ ሰው ነው። ላንድሮቨራችን ፊቱ ቆመች፣ ካኪው ወረደ፣ ደብተሯ ወጣች። እኔ በኩራት «ጓድ፣ ይህ የመጀመሪያው ሠዓሊያችን ነው» አልኩ። ሰውዬው ላንድሮቨሯን አየ፣ ካኪውን አየ፣ ደብተሯን አየ።

«ጋሪው የእኔ አይደለም» አለና ዘሎ ተፈናጠጠ። ቀለሙ ያልደረቀ ጋሪ፣ በጀርባው ብሩሽና ጣሳ እንደያዘ፣ በወንጂ መንገድ ሲበር አየነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮዬ በፈረስ ተጎትቶ ሄደ። ጓድ መኮንን አቧራው እስኪያርፍ ቆመው አዩና ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር አሰፈሩ።

ሞጆ ስንደርስ ሽፈራው የሚባለው ሠዓሊ ከአንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጎን ሳንቃ ዘርግቶ በጀርባው ተኝቷል። የመኪናው ስፖንዳ፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ ጎን ላይ፣ ሣር ውስጥ የቆመ ትልቅ አንበሳ አለ። አንበሳው ዘውድም የለው፣ ዓይንም የለው። ዘውዱ ለምን እንደሌለ ማንም አይጠይቅም፤ የዓይኑ ነገር ግን ገረመኝ። ሽፈራው ሲያየን ተነሥቶ ቆመ። እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነው።

«ሠዓሊው አንተ ነህ?» አሉ ጓድ መኮንን።

«ማ፣ እኔ? እኔ ጥበቃ ነኝ።»

«እጅህስ?»

እጁን ገና ዛሬ እንደበቀለ ነገር ገልበጥ አድርጎ አየው። «ሰውዬው ሲሄድ ያዝልኝ ብሎኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ቀለሙን።»

ጋሽ ቱሉ ጣልቃ ገብተው በኦሮምኛ «ሽፈራው፣ አካም? እኔ ነኝ እኮ» አሉት። ሽፈራው የገዛ መኪናቸውን ሁለት ጊዜ የሣለላቸውን ሰውዬ ዓይናቸውን እያየ «አላወቅኩዎትም አባቴ» አለ። ጋሽ ቱሉ ከፋቸው። ጓድ መኮንን ግን ወደ አንበሳው ተጠግተው «ዓይን የለውም» አሉ።

«ሾፌሩ ሲመጣ ነው የሚ...» ብሎ ጀመረና ሽፈራው አፉን ገጠመ።

«ሾፌሩ ሲመጣ ምን?»

«ሾፌሩ ሲመጣ ሠዓሊውን ይጠይቁታል።»

መኪና ውስጥ ስንገባ ጋሽ ቱሉ አጫወቱን። ሽፈራው የአንበሳውን ዓይን የሚሥለው በመጨረሻ፣ የመኪናውን ሾፌር ፊቱ ጀሪካን ላይ አስቀምጦ ነው። የሾፌሩን ዓይን ለአንበሳው ይሰጠዋል። አሰብ መንገድ ላይ መኪና ከሩቅ ሲመጣ ጋሽ ቱሉ የአንበሳውን ዓይን ብቻ አይተው «ይኼ ከበደ ነው»፣ «ይኼ አህመድ ነው» ይሉ ነበር። የእሳቸው አንበሳ እንቅልፉ የመጣበት ነበር ብለው ራሳቸው ሳቁ። ጓድ መኮንን አልሳቁም፣ መስኮቱን ተደግፈው ሲሞነጭሩ መቂ ደረስን።

መቂ አንድ ቡና ቤት አለ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው። ጉማሬ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል፣ ዝንጀሮ ሒሳብ ይቀበላል። ባለቤቷን እትዬ በላይነሽን «ይህን ማን ሣለው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የቱን?» አሉ።

ሌላ የሚጠየቅ ነገር በቤቱ የለም። ግድግዳውን አሳየናቸው። ዞር ብለው አዩት። «ውይ እሱን? ቤቱን ስንይዝ አብሮ ነበር፣ እኛ ምንም አናውቅም» አሉ። ይህን ሲሉ አንድ ጎልማሳ ያላዘዝነውን ሁለት ፋንታ ይዞ መጣ። ጆሮው ላይ ብሩሽ ሰክቷል። «እሱ አስተናጋጅ ነው» አሉ እትዬ በላይነሽ ማንም ሳይጠይቃቸው። ፋንታውን ጠጣን። እኔ ጠጣሁ ከምል ተናነቀኝ ብል ይሻላል።

ዝዋይ ያለው ፎቶ አንሺ ደግሞ ከደንበኞቹ ጀርባ የሚዘረጋውን፣ ራሱ ሐይቅ የሣለበትን መጋረጃ «ይኼ እውነተኛው ሐይቅ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሐይቁ ላይ አውሮፕላን ያርፋል። ሁለት ፎቅ ቤትም አለ። አልተከራከርነውም።

የቀረኝ ተስፋ ሙዚየሙ ነበር። ዝዋይ ውስጥ በአንድ ግቢ ያለ መጋዘን ነው። ለውጡ ሲመጣ ከየቡና ቤቱና ከየሳሎኑ የወረዱ ሥዕሎች እዚያ ተከማችተዋል። ጠባቂው አቶ ገመዳ ማንም ሳያዛቸው በየሳምንቱ አቧራቸውን እንደሚያራግፉ ጋሽ ቱሉ ነግረውኛል። በሩ ተከፈተልን። ሥዕሎቹ በመጠናቸው ተሰድረው፣ ፊታቸውን ሁሉ ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጥፋት እንዳጠፉ ተማሪዎች ቆመዋል።

«እዚህ ያለው ምንድን ነው አባቴ?» አሉ ጓድ መኮንን።

«ጣውላ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ገመዳ።

ጓድ መኮንን አንዱን ያዝ አድርገው አዞሩት። አቶ ገመዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኔም አብሬ ጨፈንኩ። ቀስ ብዬ ስገልጥ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ታንኳ ላይ ተቀምጣ ዓሣ እያየች ትስቃለች። ዓሣውም የሚስቅ ይመስላል። ጓድ መኮንን ብዙ ቆመው አዩአት። ከዚያ በጥንቃቄ ወደ ግድግዳው መልሰው አዞሯትና «ጥሩ ጣውላ ነው» አሉ። ወዲያው ደብተራቸውን አውጥተው ከጠዋት ጀምሮ ካደረጉት ሁሉ አብዝተው ሞነጨሩ። እኔ የተፌዘብኝ መሰለኝ። ጋቢውን አልጋ ሥር ባልወሽቀው ኖሮ አልኩ በልቤ።

ሻሸመኔ የቆርቆሮ ሳጥን የሚሠሩ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው አሉ፤ ለሙሽራ የሚሰጠውን ሳጥን እንደ እሳቸው በአበባ የሚያስጌጥ የለም። እሳቸው እንኳ አይዋሹም ብዬ ነበር። በእርግጥም አልዋሹም። ጓድ መኮንን «አበባውን እርስዎ ነዎት የሠሩት?» ቢሏቸው ሐጂ ሰይድ ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ አበባን የሠራው አላህ ነው» አሉ። ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ስድስተኛውን ሠዓሊ ፍለጋ መሄድ አላስፈለገንም፤ ካኪ የለበሰ ሰው ሠዓሊ እየጠየቀ ይዞራል የሚለው ወሬ ስለቀደመን ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል።

ምሳ ለመብላት ተቀመጥን። ጋሽ ቱሉ ጥብስ አዘዙ፣ እኔ ውኃ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሳጥኑን፣ ምሳውን፣ የጋሽ ቱሉን ዝርዝር፣ የአስቴርን ካልሲ ሳይቀር ነገርኳቸው። ጓድ መኮንን እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስድስት ብለህ ስትጽፍ ስንት ሠዓሊ ታውቅ ነበር?»

«አንድም፣ ጓድ። አሁን ግን ማልልኝ ካሉኝ እምላለሁ፣ ሠዓሊዎቹ አሉ። አይተዋል እኮ። ሠዓሊ ነን የሚል ነው የጠፋው።»

ደብተሯን በጠረጴዛው ላይ ገፉልኝ። ገለጥኩ። አንድም ጽሑፍ የለም። ጋሪው በአቧራ ውስጥ ሲሸሽ፣ ሽፈራው እጁን ገልብጦ ሲያይ፣ የእትዬ በላይነሽ አስተናጋጅ ከነብሩሹ፣ አቶ ገመዳ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሐጂ ጺም፤ ሁሉም በእርሳስ ተሥለው አሉ። እኔም አለሁ፤ ፋንታ ተናንቆኝ።

«ጓድ... ሠዓሊ ነዎት?»

ግራና ቀኝ አዩ። «የፕላን ባለሙያ ነኝ» አሉ፤ ፊታቸው ቁርጥ ሽፈራውን ሆነ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጉን። ሥዕል ተምረው ወጥተው እንደነበር፣ ለአንድ በዓል የአንድ ትልቅ ሰው ምስል በባለ ሦስት ፎቅ ልክ እንዲሥሉ መሰላል ላይ እንደወጡ ነገሩን። አንድ ኮሚቴ መጥቶ አፍንጫው ረዘመ አለ፤ አሳጠሩት። ሁለተኛው ኮሚቴ አጠረ አለ፤ አስረዘሙት። ሦስተኛው መጥቶ «አፍንጫውን የሚነካካው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በዚያ አፍንጫ የተነሣ አሥራ አንድ ቀን ታሥረው ሲፈቱ መዝጋቢው ሥራዎ ምንድን ነው አላቸው፣ ፕላን አሉ፣ በዚያው ፕላን ሆነው ቀሩ።

«አሁን እነዚህን ሰዎች አሉ ብዬ ብጽፍ ለሚመጣው በዓል ሁሉም መሰላል ላይ ይወጣሉ» አሉ። «የሉም ብዬ ብጽፍ አንተ ትገባለህ።»

ይህን ስሰማ «እኔ ልግባ» ያልኩ ቢመስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት ግን «ሌላ መንገድ የለም?» ነው። ጓድ መኮንንም አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ቱሉ ብቻ አጥንት እየጋጡ ነበርና ቀና አሉ።

«ሰው ቤት ሄዳችሁ ብታጡት ምን ትላላችሁ? ሞተ ትላላችሁ? ወጥቷል ነው የምትሉት።»

ተያየን። ጓድ መኮንን ከደብተራቸው መጨረሻ አንድ ባዶ ወረቀት ገነጠሉ፣ እኔም ሙያዬ ነውና ቃሉን አቀበልኳቸው። ስድስቱ ስቱዲዮዎች መኖራቸው ተረጋግጧል፤ ሠዓሊያኑ ግን በጉብኝቱ ዕለት ለዘመቻ ሥራ በየገጠሩ ተሰማርተው ስለነበር በስም መመዝገብ አልተቻለም። ሙዚየሙ በንብረት ቆጠራ ምክንያት ዝግ ነው። ዘመቻ የወጣን ሰው ለምን ወጣ የሚል፣ በቆጠራ የተዘጋን ቤት ክፈቱ የሚል በዚያች አገር አልተወለደም። ሁለተኛ ጥብስ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ጓድ መኮንን ሞጆ ላይ ቆመን እንድናልፍ ለመኑ። የኤንትሬው ሾፌር መጥቶ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል፣ ሽፈራውም ብሩሽ ይዞ ሲያነጣጥር እጅ ከፍንጅ ያዝነው። ጥበቃ ነኝ እንዳይል ጊዜው አልፏል። ጓድ መኮንን የካኪ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና አንበሳውን ራቅ ብለው አዩት።

«ግራው ዓይን ትንሽ ዝቅ ቢል?»

ሽፈራው አንበሳውን አየ፣ ሾፌሩን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን ከእግር እስከ ራስ አየ። ብሩሹንም አቀበላቸው። አያያዛቸውን ሲያይ ጊዜ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሣሩንም ይጨርሱለት ዘንድ አረንጓዴውን ጣሳ አቀረበላቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲሥሉ እኔ የተቀየረ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ ኮት ታቅፌ፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩ። እንዴት እንደሚጥም አልነግራችሁም።

ናዝሬት ገብተን ጓድ ዋቅጅራ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ደስ አላቸው። አልቋል ብዬ ወደ በሩ ስል ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁሉም ዘመቻ ላይ ከሆኑ ለበዓሉ የሚሰቀለውን ትልቁን ምስል ማን ሊሥልልን ነው? ጓድ መኮንን፣ መቼስ ለሥነ ጥበብ ጉብኝት የላኩልን ባለሙያ እርስዎን ነው። እንደው በእጅዎ አይሞክሩልንም?» አሉና ዓይናቸው የእንግዳው ጣት ላይ አረፈ። ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ አለ።

ጓድ መኮንን ነጭ ሆኑ። ጣታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሻሸመኔ ላይ የጠፋችኝ ድፍረት እዚህ ላይ መጣች።

«ጓድ፣ እሳቸው እኮ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አይችሉም» አልኩ። «ለሪፖርቱ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል ብለው ሞክረው፣ እንዲተዉት ለምኛቸዋለሁ። ጣታቸው ላይ ያለው የላንድሮቨሯ አረንጓዴ ነው፤ በሯ ቀለም ይለቃል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጓድ ዋቅጅራ የማይጠራጠሩት ነገር የለም። ወረቀትና ማኅተሙን ወደ እኔ ገፉና «እንግዲያው ጻፈው፤ ኋላ ባለሙያ እያለላችሁ ለምን አላሣላችሁም ብባል የማሳየው ይኑረኝ» አሉ። ቆሜ ጻፍኩ፦ ጓድ መኮንን ሥዕል የማይችሉ መሆናቸውን አብሬያቸው በሠራሁበት ጊዜ አረጋግጫለሁ። ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግኩበት። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው የሐሰት ወረቀቶች የኮራሁበት እሱ ብቻ ነው።

ጓድ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉና በትሕትና «ግልባጩ ለእኔ ይሰጠኛል?» አሉ። ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ አራት ቦታ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከመታወቂያቸው ጋር አስቀመጡና ቁልፉን ቆለፉት። አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው በመንገድ ሦስት ጊዜ ኪሳቸውን ሲዳብሱ አየሁ፤ ወረቀቱ አለ።